ዶሮ የታቀፈችበት ላንድሮቨር

ሐዋሳ የሄድኩት ላንድሮቨር ገዝቼ ለመመለስ ነበር። በማግሥቱ በሚኒባስ ባዶ እጄን ተመለስኩ፤ ምክንያቷ አንዲት ገብስማ ዶሮ ነች።

አንድ የሐዋሳ ወዳጄ በጥቁር ውሃ በኩል ባለ ግቢ ውስጥ ለዓመታት የቆመ መኪና እንዳለ በስልክ ነገረኝ። ሌሊት ተነሥቼ ከአዲስ አበባ በሞጆ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ አድርጌ 275 ኪሎ ሜትሩን ገሠገሥኩ። ደላላው መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀኝና ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ «ንጹሕ መኪና ነው፤ ባትሪ ብቻ ነው የሚፈልገው» አለኝ። ባትሪ ብቻ የሚፈልግ መኪና በእኛ አገር ዘጠኝ ዓመት አይቆምም። ይህን እያወቅሁ ባጃጅ ውስጥ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

ለምን ላንድሮቨር እንደመረጥኩ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ገንዘቤ ለላንድክሩዘር ስለማይበቃ ነው። በያዝኩት ብር ደህና ላንድክሩዘር ልግዛ ብል ሁለት በርና አንድ መሪ ቢሰጡኝ ነው። ደግሞም የላንድሮቨር አሠራር ኪሱ ለሳሳ ሰው ይመቻል። እንግሊዞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 አምስተርዳም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሲያሳዩት፣ ከጦርነቱ በኋላ ብረት በኮታ ይታደል ስለነበር አካሉን በአሉሚኒየም ሠርተውት ነበር። የእነሱ እጥረት ለእኔ ተረፈኝ፤ አሉሚኒየም እንደ ብረት በዝገት አይበላም። የአካሉ ክፍሎች በብሎን የተያያዙ ስለሆኑም አንዱ ፓራፋንጎ ሲጎዳ ፈትቶ ሌላ መግጠም ይቻላል። ጉዱ ያለው ከሥር ነው። መኪናውን የሚሸከመው አጽም፣ ሻንሲው፣ ብረት ነው፤ ሞተሩን ከተሳፋሪው የሚለየው ግድግዳም ብረት ነው። ላዩ ሳያረጅ ሥሩ አልቆ የሚጠብቅ መኪና ስለሆነ ቀለሙን አይቶ የገዛ ሰው ጉድ ይሆናል።

መኪናው አቮካዶ ዛፍ ሥር ቆሟል። በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1971 እስከ 1985 ከተመረተው ከሦስተኛው ዓይነት፣ አጭሩ ነው። ሊብሬው የሥሪት ዘመኑን 1975 ይላል። ቀለሙ በዘመኑ አረንጓዴ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ከፊሉ አረንጓዴ፣ ከፊሉ ነጣ ያለ ግራጫ፣ የቀረው የወፍ ኩስ ነበር። የግራ በሩ ከሌላ መኪና የመጣ ሰማያዊ ነው። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። ከዘራቸውን ይዘው ከኋላዬ እየተከተሉ ስለ መኪናው አንድም የምስጋና ቃል አልተነፈሱም። ከሁሉ ይልቅ ያሳመነኝ ይህ ነው።

መዶሻ ይዤ ነበር። በጀርባዬ ተንጋልዬ ገባሁና ሻንሲውን ከፊት ወደ ኋላ እየቆረቆርኩ ሄድኩ። ጤነኛ ብረት ሲመቱት ይጮኻል፤ የተበላ ብረት ግን እንደ ካርቶን ይታፈናል። ፊቱ ጮኸ። መሃሉ ጮኸ። የባሌስትራው፣ የሥሩ ሞላ ብረት፣ ማሰሪያዎች ጮኹ። የኋላው አግዳሚ ላይ ስደርስ መዶሻው ሰርስሮ ገብቶ ቀረ። አፌ ውስጥ የገባውን ዝገት እየተፋሁ ስወጣ ደላላው የባትሪውን ነገር ዳግመኛ አላነሣም። እውነቱን ለመናገር እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ጭቃና ውሃ ስለሚጠራቀምበት የኋላው አግዳሚ በዚህ መኪና ላይ ቀድሞ ከሚያልቁት ነው፤ ደህና በያጅ ቆርጦ ይተካዋል። መሃሉ ቢሆን ኖሮ ቡናዬን ጠጥቼ እሄድ ነበር።

የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ቅባቱን በጨርቅ ፈግፍጌ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ፤ ገጠመ። ሞተሩ ነክሶ እንደሆነ ለማየት ከፊት በሚገባው የእጅ ብረት ለማዞር ሞከርኩ፤ እያቃሰተ ዞረ። በመጨረሻ የኋላውን በር ስከፍት ዶሮዋ ነበረች፤ ከወንበሩ ሥር ጭድ ላይ ተዘርግታ ዓይኗን አፍጥጣብኛለች።

«አትንካት» አሉኝ አዛውንቱ። «ታቅፋለች። ዛሬ 13 ቀኗ ነው።»

ዋጋውን ያን ዕለት ጨረስን። እሳቸው 340 ሺህ ብር አሉ፤ እኔ 240 ሺህ። በአቦሉ አልተስማማንም፤ በቶናውም አልሆነም፤ በረካው ላይ 285 ሺህ ቆረጥን። ደላላው ሁለት በመቶውን ቆጥሮ ሄደ። መኪናውን የምወስደው ግን ጫጩቶቹ ሲወጡ ነው። ዶሮ በ21 ቀን ነው የምትፈለፍለው፤ ስምንት ቀን ይቀራታል።

«ቦታዋን ብንቀይርላትስ፣ አባባ?»

«ቦታዋ የተነካ ዶሮ እንቁላሏን ጥላ ትነሣለች። ዘጠኝ ዓመት የቆመ መኪና ልትወስድ ስምንት ቀን ያስቸኩልሃል?»

ለዚህ ምን መልስ አለው? ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። በዘጠነኛው ቀን ስመጣ ዘጠኝ ጫጩቶች ግቢውን ሞልተውታል። ፍሬን የሚባል ነገር ስላልነበረው ላንድሮቨሩን አይሱዙ ላይ ጭነን፣ ጭዱንም ሳንጠርግ፣ እዚያው ሐዋሳ ወዳለ ጋራዥ ወሰድነው።

ባለ ጋራዡን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። ለጥገናው 150 ሺህ ብር መድቤ፣ የሥራውን ተራ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው፤ አንደኛ ሞተር፣ ሁለተኛ ቀለም። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና እስክሪብቶዬን ተቀብለው ሁለቱንም ሰረዙ። «መጀመሪያ የሚያቆመውን እንሥራ» አሉ። «የሚያስኬደውን እንደርስበታለን።»

ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ገንዘብ ዓይን የማያየው ነገር ላይ አለቀ። የበሰበሰው አግዳሚ ተቆርጦ በወፍራም ላሜራ ተተካ፤ የአራቱም ጎማ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይት ቧንቧዎቹና የመሪው መገጣጠሚያዎች ተለወጡ። የፍሬን ማስተሩን አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ «አዲስ» ተብዬ ገዝቼ ወስጄ ነበር። ጋሼ ሲፈቱት ውስጡ የተፋቀ፣ ላዩ ጥቁር የተቀባ አሮጌ ሆኖ ተገኘ። ሱቁ ይዤው ብሄድ፣ «ከተፈታ አንመልስም» አሉኝ። ሳይፈታ በምን ይታወቃል? ይህን ብጠይቅም መልስ አላገኘሁም። ከዚያ በኋላ አሮጌ መሆኑ ፊቱ ላይ የሚታይ ዕቃ ብቻ ነው የገዛሁት፤ ለዚህ ደግሞ የአዲስ አበባውን ሱማሌ ተራ የሚያህል የለም። ሲፈልጉት የሚያደክም፣ ሲያገኙት የሚያስጨፍር ገበያ ነው።

ከዚያው ያገኘሁትን አንድ ባሌስትራ ይዤ አውቶቡስ ስሳፈር ረዳቱ፣ «ይህ ሻንጣ አይደለም፤ ሰው ነው» ብሎ የአንድ ሰው ሒሳብ ተቀበለኝ። ከከፈልኩ አይቀር ብዬ ከጎኔ ወንበር ላይ አጋደምኩት። ሞጆ ላይ የተሳፈሩ አንዲት እናት ባሌስትራውን፣ ከዚያም እኔን አዩና፣ «ልጄ፣ እሱ ቆሞ መሄድ አይችልም?» አሉኝ። እስከ ሐዋሳ አቅፌው ሄድኩ።

ሥራ ሳይኖር አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣ እበላ ነበር። ቆሮሶው ትኩስ ነው፤ ከኋላዬ ቆመው ጉርሻዬን የሚቆጥሩትን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ግን እስከ መጨረሻው አልወደድኳቸውም።

የጋራዡ ልጆች የቶዮታ ናፍጣ ሞተር እንድገጥም ብዙ ወተወቱኝ። ነገራቸው ከንቱ አይደለም፤ 2,286 ሲሲ የሆነው ባለ አራት ፒስተን የቤንዚን ሞተር በ100 ኪሎ ሜትር 16 ሊትር ገደማ ይጠጣብኛል። ነገር ግን የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ የተጻፈ ነው፤ ሞተር ልቀይር ካልኩ ለወረቀቱም ሌላ መንገድ ልጀምር ነው። እንዲያውም ያለው ሞተር ብዙ አላስቸገረም። የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ቴስታታው፣ ወርዶ ቶርኖ ቤት ፊቱ ተስተካከለ፤ ማሸጊያው ጓርኒሲዮን ተለወጠ፤ ካርቡራቶሩ ታጠበ፤ ካንዴላ ገባለት። ሲነሣ ያወጣው ጥቁር ጭስ ጎረቤት ያለውን ጎሚስታ ከነደንበኞቹ አስወጣው። ሒሳቡ ሲደመር 190 ሺህ ብር ሆኗል፤ የቀለሙ ገንዘብ ጎማ ሆኖ ከሥር ይሽከረከራል። ያየው ሁሉ «መቼ ነው የምታስቀባው?» ይለኛል።

ለሙከራ ወደ ሲዳማ ደጋ፣ ወደ ሀገረ ሰላም ወጣሁ። ሚያዝያ ነው፤ ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። ይርጋለምን አልፌ እስከ አለታ ወንዶ ድረስ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄድኩ፣ ኋላዬ የተከማቸውን መኪና እጄን አውጥቼ እያሳለፍኩ ደረስኩ። ከዚያ ዳገቱ ሲጀምር የሙቀት መለኪያው መርፌ አብሮኝ ወጣ። 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ሐዋሳ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከ2,700 ሜትር በላይ በሆነው ሀገረ ሰላም ደግሞ 91 ላይ። ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊት አምቆ ይይዛልና። የእኔ ክዳን ላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ያን ሁሉ ስለውጥ አንዲት ክዳን ረስቻለሁ! እንሰት ጥግ ቆሜ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ። አንድ የሚኒባስ ሾፌር ወርዶ ከአሮጌ የጎማ ላስቲክ ቀለበት ቆርጦ ገጠመልኝ፤ ገንዘብ ብዘረጋለት ሳቀብኝ። መርፌው እስከ ላይ ድረስ ጨዋ ሆኖ ቆየ።

ቀርከሃው በሚበዛበት፣ ጉሙ መንገዱን በሚውጥበት ከፍታ ላይ ከዋናው መንገድ ወጥቼ ወደ አንድ መንደር ታጠፍኩ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ የጓጓሁለት ቅጽበት ይህ ነበር፤ ቀይ ጭቃ፣ ዳገት፣ ራሱ ቢጫ የሆነ ዘንግ። ዘንጉን ወደ ታች ተጫንኩት፤ አራቱም ጎማ ሊጎትት ነው። ነዳጅ ሰጠሁ። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ጭቃውን ወደ ሰማይ ረጩት፤ የፊቶቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ በሦስተኛው ወደ ቦዩ ተንሸራተትኩ።

ፈረሳቸውን እየሳቡ የሚወርዱ አንድ ሽማግሌ ቆመው አዩኝ። «ልጄ፣ የፊቶቹን ቆልፈሃል?»

አልቆለፍኩም። በዚህ መኪና የፊት ጎማዎች መሃል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ተገጥሟል፤ ካልተቆለፈ ዘንጉ ቢጫም ሆነ ቀይ ኃይሉ ጎማው ጋር አይደርስም። ጋሼ ሁለት ጊዜ አሳይተውኛል። ወረድኩ፤ ጭቃው ጫማዬን ሞላው፤ ቀኙንም ግራውንም አዞርኩ። ሽማግሌው ፈረሳቸውን ይዘው፣ በወጣትነታቸው የመንግሥት ላንድሮቨር ነጅ እንደነበሩ፣ እሳቸውም አንድ ቀን ዘንግተው አለቃቸውን ጭቃ ውስጥ እንዳስገፉ አጫወቱኝ። ይህን የነገሩኝ ሊያጽናኑኝ ይመስለኛል። ሞተሩን አስነሣሁ፤ መኪናው እንደ በሬ ጎንበስ ብሎ ወጣ።

ሐዋሳ ስገባ መሽቷል። ቀጥታ ወደ አቮካዶው ግቢ ሄድኩ። አዛውንቱ መብራት ይዘው ወጡ፤ ስለ ሰማያዊው በር፣ ስለ ቀለሙ ምንም አላሉም። ወደ ኋላ ዞሩና ከዘራቸውን ገልብጠው አዲሱን አግዳሚ መቱት። ጮኸ። አንድ ጊዜ ደገሙት። ከዚያ የኋላውን በር ከፍተው ውስጡን በመብራቱ ቃኙ።

«ጭዱንስ የት ጣልከው?»