«ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?»

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል ነርስ ነኝ። ዛሬ የምጽፈው በገዛ እጄ መዝገብ ላይ ስላሰፈርኳት አንዲት ዜሮ ነው።

ታማሚዬ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ዝምተኛ ሰው። ሁለት ወር ሲያስላቸው «ብርድ ነው» እያሉ ቆይተው፣ አክታቸው ላይ ደም ሲያዩ ደንግጠው መጡ። አክታው ጂንኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያ ተመረመረ። ቲቢ ነው። ደግነቱ ዋናውን የቲቢ መድኃኒት፣ ሪፋምፒሲንን፣ አልተላመደም። በ6 ወር ሕክምና የሚድን ማለት ነው። መጀመሪያ 2 ወር በአራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ 4 ወር በሁለት። ሽንታቸው ቀላ እንደሚል አስቀድሜ ነገርኳቸው። ይህን ያልሰማ ሰው ደም መስሎት መድኃኒቱን ሊተው ይችላል።

ቀጥዬ የተለመደውን ጥያቄ ጠየቅኩ።

«ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?»

«ብቻዬን ነኝ፣ ሲስተር።»

ንክኪ ያላቸው ሰዎች በሚለው ዓምድ 0 ጻፍኩ። ደጅ ላይ ሰው ተሰልፏል። ቀጣዩን ጠራሁ።

ያቺ ዜሮ ከወሩ ሪፖርት ጋር ወደ ላይ ሄደች። ዜሮ ደግሞ ክፋቷ፣ ማንም አይጠይቅባትም። አምስት ንክኪ ጽፌ ሦስቱን ብቻ ብመረምር «ሁለቱስ የት ደረሱ?» እባላለሁ። ከዜሮ ላይ ግን ምንም አይጎድልም። ከከተማው ጤና ቢሮ እስከ ሚኒስቴር ሥራው የተሟላ መስሎ ነው የሚታየው።

እሳቸው መድኃኒታቸውን አንድም ቀን ሳያጓድሉ ወሰዱ። በ2ኛው ወር አክታቸው ጠራ። ደስ አለኝ።

በ4ኛው ወር አንድ ባጃጅ ነጂ ወጣት መጣ። ከፋርማሲ ሁለት ጊዜ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ውጧል፤ ሳሉ አልለቀቀውም። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቷል። እሱም ቲቢ ተገኘበት። ከማን ጋር እንደሚኖር ጠየቅኩት። ከእናቱና ከእህቱ ጋር። መዘገብኳቸው። በዚህ መሃል ልብስ ሰፊው መድኃኒታቸውን ሊወስዱ በሩን ከፈት አደረጉ።

«እንዴ፣ ጋሼ! እርስዎም?»

እንደ አባትና ልጅ ተቃቀፉ። እኔ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«የት ነው የምትተዋወቁት?» አልኩ።

«በርጫ ላይ ነዋ! በየቀኑ።»

በማግስቱ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ሄድን። ልብስ ሰፊው «ስሜን ብቻ አታንሺብኝ» ብለውኛል፤ አላነሳሁም። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ፍራሽ ዙሪያውን ተነጥፏል። ስምንት ሰው ተደግፎ ይቅማል። የድሬን ፀሐይ ለመከላከል መስኮቱ ተዘግቶ በወፍራም መጋረጃ ተሸፍኗል። ጥግ ላይ ቬንትሌተር ያንኑ አየር መልሶ መላልሶ ያዞራል። አየር ይግባ ብዬ መስኮቱን ስጠጋ አንዱ «አቦ ሲስተር፣ ምርቃናው ይሰበራል!» አለኝ።

በኋላ ልብስ ሰፊውን ሳዋያቸው ያሉኝ ነገር አሳዘነኝ። ማሳል ከጀመሩ ወዲህ የሻይ ብርጭቆአቸውን ለይተው ነበር። ሰው እንዳይነካባቸው በኪሳቸው ይዘውት ይሄዱ ነበር። ይህን ያህል ለጓደኞቻቸው ያስቡ ነበር። ቲቢ ግን የሚተላለፈው በብርጭቆ አይደለም፣ በአየር ነው። ይህንን ልነግራቸው የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። ስለ መድኃኒቱ ብዙ አወራሁ፤ ስለ ውሏቸው አልጠየቅኩም።

መመሪያው እኮ ይህን አልዘነጋም። ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ባሉት 3 ወራት በተዘጋ ቦታ ከታማሚው ጋር ረጅም ሰዓት የዋለ ሰው፣ ቤተሰብ ባይሆንም፣ ንክኪ ነው ይላል። ጥያቄውን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ።

ከስምንቱ አንዱ ቲቢ ተገኘበት። ሻይ የምታፈላው የቤቱ ባለቤት ደግሞ የሦስት ዓመት ልጅ አላት። ልጅቷ ስስ ናት፤ ምግብ አትቀምስም፣ ማታ ማታ ያተኩሳታል። እናትየው ጥርስ ልታበቅል መስሏት ነበር። በዚህ ዕድሜ አክታ ተፍቶ መስጠት አይቻልም፤ ስለዚህ ሰገራዋ በጂንኤክስፐርት ታየ። እሷም ተይዛለች። መድኃኒቷ በውኃ የሚሟሟ ነው። እናቷ በሻይ ማንኪያ ስታጠጣት አጠገቧ ቆሜ አየሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2023 እ.ኤ.አ. 10.8 ሚሊዮን ሰው በቲቢ ታሟል ተብሎ ሲገመት፣ በምርመራ ታውቀው የተመዘገቡት አዳዲስ ታማሚዎች 8.2 ሚሊዮን ናቸው። የቀሩት የት ናቸው ሲባል ድሮ ሩቅ ገጠር ይታየኝ ነበር። አሁን ያቺ መጋረጃ ናት የምትታየኝ። አገራችን ብዙ ሠርታለች። በ2021 እ.ኤ.አ. መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከጸናባቸው 30 አገሮች ዝርዝር ወጥታለች። ቲቢ ራሱ ከጸናባቸው 30 አገሮች ዝርዝር ግን አልወጣንም።

አሁን ከቤት ቀጥዬ የምጠይቀው አለ። «ከሰዓት በኋላ የት ነው የሚውሉት? ስንት ሆናችሁ? መስኮት አለው?» አንዳንዱ ጫት ይቅማል ብዬ የምወቅሰው ይመስለውና ያፍራል። አልወቅስም። ሰዎቹን ነው የምፈልገው።

ባለፈው ሳምንት የጅቡቲ መስመር የመኪና ረዳት መጣ። ቤቱ ማንም የለም። ውሎውን ስጠይቀው ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ ጋር ነው አለኝ፤ የሚያድሩትም እዚያው ነው።

«ሹፌሩስ አሁን የት ነው?»

«ጅቡቲ። ሐሙስ ይገባል።»

ስልኩን ተቀበልኩና መዝገቡ ላይ 1 ጻፍኩ። ሐሙስን ካላንደሬ ላይ አከበብኩት።