ውሃ የለም

ኅዳር 7

ትናንት የቁስቋም ንግሥ ነበር። ጠዋት ከእህቴ ልጅ ጋር ቤት የቀረሁት እኔ ነበርኩ፤ የሆነውን ሳልረሳው ልጻፈው።

ማሙሽ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ስላለበት ጡንቻዎቹ እንዳሻው አይታዘዙለትም፤ ምላሱም እንዲሁ። የሚያወራው በታብሌት ነው። ሃያ ሥዕሎች በአራት መስመር ተደርድረውበታል፤ አንዱን ሲነካ ቃሉ በድምፅ ይወጣል። ድምፁ የጎረቤታችን ልጅ ነው። እኩያው ስለሆነ ቃላቱን አንድ በአንድ አስብለን ቀዳናቸው። «ሌላ» የሚለውን ሲናገር የግቢው አውራ ዶሮ ጮኸ። ደግመን ልንቀዳው ነበር፤ ማሙሽ ግን በሳቅ ስለሞተ ተውነው። እስከ ዛሬ «ሌላ» ባለ ቁጥር ዶሮ ይጮኻል።

አንድ ዓመት ሙሉ በነጠላ ቃል ኖረ። «ውሃ» ሲል ውሃ ይቀርባል፤ «ዳቦ» ሲል ዳቦ ይቆረሳል፤ ጎሽ እንለዋለን። አብዛኞቹ ልጆች ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ዕድሜያቸው፣ 50 ያህል ቃል ካጠራቀሙ በኋላ ሁለቱን ማገጣጠም ይጀምራሉ። የእኛ ልጅ ለምን አንዷ ላይ እንደቆመ ሳስብ ጥፋቱን የምፈልገው እሱ ዘንድ ነበር። አንድ ቀን ነሐሴ ውስጥ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው «ውሃ» አለ። ቀዳሁለት። በክንዱ ገፋው። «ውሃ» አለ ደግሞ። ሁለተኛው ብርጭቆ ጭኑ ላይ ፈሰሰና ተቆጣሁት። እሱ ዓይኑን ከጣሪያው አልነቀለም ነበር። ነገሩ የገባኝ ማታ ተኝቼ ነው። ልጁ ውሃ አልጠየቀኝም፤ ዝናቡን እያሳየኝ ነበር። አንድ ቃል ቢጨምርበት ኖሮ ብርጭቆውን ትቼ አብሬው ወደ ላይ አይ ነበር።

በማግስቱ የኔታ ሆንኩበት። «ውሃ ስጪኝ፣ በል!» እያልኩ እጁን ይዤ ሥዕሎቹን አስነካዋለሁ፤ ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው። በሦስተኛው ቀን ታብሌቱን ሳነሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ስለዚህ ለንግግር ባለሙያዋ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፤ «አንቺ በታብሌቱ ስታወሪ አይቶ ያውቃል?» ብቻ አለችኝ። አያውቅም። ማንም ልጅ አፍ የሚፈታው ሲወራ ሰምቶ ነው፤ ማሙሽ ግን በጣት የሚነገረውን ቋንቋ ከማንም ሰምቶት አያውቅም። እጁን መያዝ እንድተው ነገረችኝ። እሱ «ዳቦ» ሲል እኔ «ሌላ ዳቦ» ብዬ በራሴ ጣት እየነካሁ ማሳየት፣ ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ። ቢደግመው ደግ፣ ባይደግመውም ዳቦውን መስጠት። ከሁሉ የከበደን ዝምታው ነው። እናቴ አምስት ሰከንድ ዝም ያለችበትን ቀን አላስታውስም።

ሌላው ጣጣ የመጣው ቃላቱን ስንመርጥ ነው። ያገኘነው ምሳሌ ሁሉ ለእንግሊዝኛ የተሠራ ነበር፤ በዚያ ቋንቋ «ስጥ» የሚለው ቃል ለእናትም ለአባትም ለንጉሥም አንድ ነው። የእኛ ግስ ግን ብቻውን ዓረፍተ ነገር ነው። «አልፈልግም» ያለ ልጅ ስንት ቃል ተናገረ ሊባል ነው? «ስጪኝ» ለእናቱ፣ «ስጠኝ» ለአባቱ፣ «ይስጡኝ» ለአያቱ፤ ለአንድ መስጠት ሦስት ሣጥን! አንድ ቀን እናቴን «ስጠኝ» ቢላት ቡና ሊጠጣ ለመጣው ሁሉ «በእርጅናዬ ወንድ አደረገኝ» እያለች ሳምንት አወራችው። በኋላ ለማንም ቢነገሩ የማይለወጡ የመሰሉንን ቃላት መረጥን፦ «ሌላ»፣ «በቃ»፣ «አለ»፣ «የለም»።

ጎንደር ለሚኖር ሰው «ውሃ የለም» ማለትን ማስተማር አያስፈልግም፤ የአንገረብ ግድብ ያስተምረዋል። መስከረም መጨረሻ ላይ ቧንቧውን ብከፍተው ነፋስ ብቻ ተነፈሰ። ማሙሽ እያየኝ ነው። ጄሪካኑን አስቀምጬ ታብሌቱ ላይ «ውሃ» ነካሁ፤ ቀጥዬም «የለም»። ሳቀ። ምንም ሳልጠይቀው፣ በል ሳልለው፣ በእሱ ቋንቋ አንድ ነገር ስነግረው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነብኝ። ስኳር የለም። መብራት የለም። (መብራት ሲጠፋ የታብሌቱም ባትሪ የሚያልቅበት ቀን ስላለ ሥዕሎቹን ወረቀት ላይ አሳትመን ግድግዳው ላይ ለጥፈናል። ዶሮው ብቻ ይቀርብናል።)

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ እህቴ ባዶውን መሶብ ስትከድን «ዳቦ» አለ። ሁላችንም ዝም አልን፤ እናቴ ሳትቀር። ጣቱ እየተንቀጠቀጠ ወደ ታች ወረደ፤ አንዴ «ኳስ» ላይ ሊያርፍ ሲል መለሰው። «የለም።» እናቴ እልልታውን አቀለጠችው፤ አላቆም አለች። ማሙሽም «እምዬ» አላት፤ ከዚያ «በቃ»።

«አፍ አወጣብን!» አለች፤ ደስታዋ ልክ አልነበረውም።

ወደ ትናንቱ ልመለስ። እናቴና እህቴ ገና ሳይነጋ ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ቁስቋም ወጥተዋል። ማሙሽ ሲነቃ አልጋዋን አየና «እምዬ» አለ። ጠበቅሁ። «የለም።»

«አዎ፣ ቁስቋም ሄዳለች። ንግሥ ነው።»

ከላይ የድምፅ ማጉያው ይሰማል፤ መዝሙሩ በነፋሱ ይመጣል ይሄዳል። ጣቱ ሰሌዳው ላይ ሲዞር ቆየ። የጨረሰ መስሎኝ ሻይ ልጥድ ስነሳ ከኋላዬ የጎረቤታችን ልጅ ድምፅ «እኔ» አለ። ዞርኩ። ቆየ። «የለም።»

እኔ የለም። ሰዋስው የሚያስተምር ሰው «የለሁም» ብሎ ያርመው ነበር። የማይለወጥ ያልነው ቃል ይለወጣል ለካ፤ ለዚህኛው ሣጥን አልሠራንለትም።

የቁስቋም ዳገት ለዊልቸር አይመችም። ነጠላዬን ፈልጌ ለበስኩና ድምፁን ያዋሰንን ልጅ ከኋላ ሆኖ እንዲገፋልኝ ጠራሁት።