ፓምፑን ማን አብራ አለህ?

ሰሞኑን የብሎካችን ሰው ሲያገኘኝ «ሹመት ያዳብር!» ይለኛል። ግማሹ ከልቡ ነው፣ ግማሹ እያሾፈ። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ሰብሳቢነት ምን ዓይነት ሹመት እንደሆነ እዚህ የካ አባዶ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። ደመወዝ የለው፣ ቢሮ የለው። ያለው ሰዓት ሳይመርጥ የሚንኳኳ በር ብቻ ነው።

የተካኋቸው ሴት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ብሎኩ በሙሉ «እትዬ ሰብሳቢ» ነው የሚላቸው። ርክክብ ስናደርግ የሰጡኝ አንድ ማኅተም፣ የመዋጮ ደብተርና የፓምፕ ቤቱን ቁልፍ ነው። እኔ ግን ሲሠሩ ያየሁትን ነው መጻፍ የፈለግኩት።

ለገዳዲ ግድብ ከእኛ ብዙም አይርቅም። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ውኃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው። ሲመጣም ጉልበት የለውም። መጀመሪያ ግቢ ያለው ሮቶ ይሞላል፣ ከዚያ ፓምፑ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ድረስ ጄሪካን መሸከም ምን እንደሚመስል የተሸከመ ይንገራችሁ። እትዬ ሰብሳቢ ሥራ ሲጀምሩ ፓምፑ ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ብቻ እንዲሠራ አስወሰኑ። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ ሁሉም በፈለገው ሰዓት ካበራው የመብራት ሒሳቡ ያጣላል። ደንቡ ታትሞ ደረጃው መግቢያ ላይ ተለጠፈ። ለጊዜው ሰላም ወረደ።

ከዚያ ፈረቃው ተቀየረ። ውኃው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይመጣና ሲነጋ ይሄዳል። ጠዋት ታች ያለው ሰው ከሮቶው ቀድቶ ይጨርሰዋል። ማታ ፓምፑ ሲበራ የሚስበው አየር ነው። ያለ ውኃ የሚሠራ ፓምፕ ደግሞ ይግላል፣ ሲብስም ይቃጠላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ጥበቃውን ለብቻው ጠርቶ «ሌሊት ሌሊት አብራው፣ ለማንም እንዳትናገር» ይለዋል። ወረቀቱ እንደተለጠፈ ይቀራል። ነገር የመጣ ቀን የሚጠየቀው ጥበቃው ነው።

እሳቸው ግን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ሰዉን ግቢ ውስጥ ሰበሰቡ። ወረቀቱን ራሳቸው ገንጥለው ይዘውታል። ፕላስተሩ ገና ጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ይቺን ያወጣኋት እኔ ነኝ። አሁን አልሠራችም። ከዛሬ ጀምሮ ውኃ ሲመጣ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ፓምፑ ይበራል። የሚያበራው ጥበቃው ነው፣ ያዘዝኩት ግን እኔ ነኝ። የሚቆጣ ካለ እሱን እንዳይናገረው። ሁለተኛ ፎቅ መጥቶ የእኔን በር ያንኳኳ።»

አንዱ ጎረቤት ቆጣ ብሎ፣ «እትዬ፣ ያኔ ለምን አላሰቡበትም?» አላቸው።

«አላሰብኩበትማ ልጄ። አሁን አሰብኩበት።»

ሰዉ ሳቀ። ጠያቂውም ሳቀ። እንዲህ ያለ መልስ ከየትኛውም አለቃ ሰምቼ አላውቅም። እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት አሠራር በየጊዜው ይለወጣል። ማን እንደለወጠው ስትጠይቅ «ከላይ ነው» ትባላለህ። ላይ ስትወጣ ደግሞ «ከታች በመጣው አስተያየት መሠረት» ይሉሃል። መለወጡ አይደለም የሚያበሳጨኝ። የለወጠው ሰው መጥፋቱ ነው።

የአሜሪካዊውን ጄኔራል፣ የአይዘንሃወርን፣ ነገር የወደድኩትም ለዚህ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ እሳቸው የሚያዙት ጦር ፈረንሳይ ውስጥ ኖርማንዲ ላይ እንዲያርፍ የተያዘው ቀን ጁን 5 ነበር። አየሩ ሲከፋ በአንድ ቀን አራዘሙት። በዚያው ሰሞን፣ ዘመቻው ከከሸፈ የሚነገር አጭር ማስታወሻ በእጃቸው ጽፈው ያዙ። ጥፋት ካለ የእኔ ብቻ ነው የሚል ነው። ረቂቁ ላይ መጀመሪያ የጻፉት ወታደሮቹ እንዲመለሱ ተደርጓል የሚል ነበር። እሱን ሰረዙና ወታደሮቹን መልሻቸዋለሁ ብለው አስተካከሉት። ዘመቻው ተሳካና ማስታወሻው ሳያስፈልግ ቀረ።

የእኛም አገር ታሪክ አያንስም። አዲስ አበባ ማገዶ ባለቀባት ጊዜ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ አጼ ምኒልክ ዋና ከተማውን በስተ ምዕራብ ወዳለችው አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። በኋላ ሐሳባቸውን ለወጡ። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማዋን በማገዶ ደረሰላት፤ አዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የንጉሥ ቃል አይታጠፍም በሚባልበት አገር ይሄ ቀላል አይመስለኝም።

ለነገሩ ሁሉም የሚለውጥ ሰው ጎበዝ ነው እያልኩ አይደለም። ከእትዬ ሰብሳቢ በፊት የነበረው ኮሚቴም ደንብ ይለውጥ ነበር፤ የሚለውጠው ግን ማን እንደጮኸ አይቶ ነው። እሳቸው የለወጡት ሰዓቱን ነው። አራተኛ ፎቅ ያሉት እማማ ደረጃ ሳይወርዱ ውኃ ያግኙ የሚለውን አንድም ቀን አልነኩትም። መዋጮ ላይም እንደዚያው ናቸው፤ የገዛ እህታቸውን ልጅ ሲያስከፍሉ አይቻለሁ።

አሁን ያ የሌሊት ደንብ እኔ ላይ መጥቷል። ከፓምፕ ቤቱ ጋር ግድግዳ የምትጋራው ጎረቤታችን አራስ ናት። «ወንድሜ፣ ፓምፑ በተነሣ ቁጥር ልጁ ይባንናል፣ እኔም እንቅልፍ ካየሁ ቆየሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው። አራተኛ ፎቅ ያሉት እማማም እውነታቸውን ነው። ቧንቧ ሠራተኛው ከሥሩ ወፍራም ጎማ ቢነጠፍ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል ይላል። ፓምፑን ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ማዛወርም ይቻላል፣ ግን መዋጮ ይጠይቃል። የመዋጮን ስም ሲሰሙ የጎረቤቶቼ ፊት ምን እንደሚሆን ከአሁኑ ይታየኛል።

መጀመሪያ ጎማውን እንሞክራለን። ካልሆነ እናዛውረዋለን፣ ብሩንም ደጅ እየዞርኩ የምለምነው እኔ ነኝ። ይህንኑ ጽፌ ዛሬ ማታ ለጠፍኩት፤ ከታች ስሜንና ስልኬን አድርጌበታለሁ። ባለቤቴ አይታው «ሌሊት ቢደውሉልህስ?» አለችኝ።

ይደውላሉ እንጂ፣ ምን ጥያቄ አለው።