ያገለገለ መኪና ስናይ መጀመሪያ ደህንነቱን

ጓደኞቼ ያገለገለ መኪና ሊገዙ ሲያስቡ አብሬያቸው እንዳይ ይጠሩኛል። ሻጩ ቶሎ ብሎ ሞተሩን ማሳየት ይፈልጋል። ለእኔ ግን ደህንነቱ ይቀድማል። ሞተር ቢበላሽ መኪናው ይቆማል፤ ፍሬን እምቢ ካለ ግን የሰው ሕይወት ነው።

ቁልፉን አዙሬ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ ዳሽቦርዱን አያለሁ። የኤርባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት) መብራቱ በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። አልጠፋም ካለ ችግር አለ። ጭራሽ ካልበራ ደግሞ የባሰ ያሳስበኛል፤ ጉዳቱን ለመደበቅ ሆን ተብሎ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስቤ አወጣዋለሁ። ውስጥ ተጠቅልሎ የሚቀረውን ጫፍ ሻጮች ብዙ ጊዜ ማጠብ ይረሱታል። እዚያ ላይ የደረቀ ጭቃ ወይም የውሃ መስመር ካገኘሁ፣ ጎርፍ የገባበት መኪና ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ጎማውን ጥርሱ ስላላለቀ ብቻ አትመኑት። ጎኑ ላይ የተመረተበት ቀን በአራት አሃዝ ተጽፏል፤ 2319 ማለት በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጎማ ቆሞም ያረጃል።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ማየት ስለምፈልግ፣ ሳያሞቀው እንዲጠብቀኝ ለሻጩ አስቀድሜ እነግረዋለሁ። ከዚያ ሰው በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ቀስ ብዬ እየነዳሁ ፍሬን እይዛለሁ። መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ ወይም ፔዳሉ ወደ ታች ከሰመጠ ሳይጠገን አይነዳም።

ደግሞም ገለልተኛ መካኒክ ከስር ገብቶ ሳያየው ቀብድ አይከፈልም። ሻጩ ይህን እምቢ ካለ፣ መኪናው የቱንም ያህል ቢያምር ጓደኛዬን ይዤ እሄዳለሁ።