ጥቁሩ ቀለበት

እዚህ ሜሪላንድ የዛሬው ቅዳሜ ከሰዓት ያለቀው የፌራይት (ማግኔታዊ ሴራሚክ) ቀለበት ላይ ኮአክሲያል ገመድ ስጠመጥም ነው። የሬዲዮ አማተር ያልሆናችሁ፣ ታገሱኝ።

ዳይፖል አንቴና ሁለት እኩል ክንድ አለው። ወደ ሬዲዮው የሚወርደው ኮአክሲያል ግን እንደዚያ አይደለም፤ አንዱ ሽቦ መሀል ላይ፣ ሌላው ዙሪያውን የሚሸፍን መረብ። ስለዚህ የተወሰነ ከረንት በመረቡ ውጫዊ ገጽ ሾልኮ ይሄዳል። ገመዱ ራሱ አንቴና ሆነ ማለት ነው። የቻርጀሩን፣ የኤልኢዲ አምፖሉን ጫጫታ ሁሉ እየለቀመ ሬዲዮው ላይ ያራግፋል። ቾክ፣ ማለትም ቀለበቱ ላይ የተጠመጠመው ገመድ፣ ይህን መንገድ ያፍናል፤ ገመዱ ውስጥ የሚሄደውን ሲግናል ግን አይነካም። ይሄ ነገር እስካሁን ይገርመኛል።

የኔ ቀለበት 61 ሚሊሜትር ስፋት አለው፣ ሚክስ 31 ከሚባለው የፌራይት ዓይነት የተሠራ። ለ7 ሜጋኸርዝ አሪፍ ነው። የገመዱ ዙር እጥፍ ሲሆን የማፈን አቅሙ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ግን ዙር ሲበዛ ከፍ ያሉት የፍሪኩዌንሲ ባንዶች ላይ ይደክማል። ቀዩንና ቢጫውን የብረት ዱቄት ቀለበት ለዚህ አትግዙ፤ እነሱ ለሌላ ሥራ ናቸው።

ማታ 40 ሜትር ባንድ (ያው 7 ሜጋኸርዝ) ላይ ጩኸቱ ቀነሰ። ተሸፍኖ የነበረ የሞርስ ኮድ ጥርት ብሎ ወጣ። ደስ ብሎኝ ባለቤቴን ጠራኋት። እሷ ያየችው ቾኩን ያሸግኩበትን የወጥ መያዣዋን ነው።