በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለው ክፍተት

ስታዲየም አካባቢ የሚያልፈው የቀላል ባቡሩ የላይ ሽቦ 750 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንት ነው የሚይዘው። ባቡሩ የሚስበው ኮረንት እስካልተለዋወጠ ድረስ በአጠገቡ የተዘረጋ ሽቦ ላይ ምንም ቮልቴጅ አይፈጠርም። ሲነሳ ወይም ፍሬን ሲይዝ ግን ኮረንቱ ይለወጣል፣ ጎረቤቱም ሽቦ ያኔ ይነቃል። ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 አንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ጥምጥም አድርጎ ያየው ይህንኑ ነው፤ የመለኪያው መርፌ የተነቃነቀው ባትሪው ሲገናኝና ሲለያይ ብቻ ነበር። የቤታችን መስመር በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ግን ነገሩ እረፍት የለውም።

ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚዘነጋው፣ እኔንም የሚያሳስበኝ፣ ሂያጁና ተመላሹ ሽቦ በመካከላቸው የሚተዉት ክፍተት ነው።

የእንጀራ ምጣድን እንውሰድ። 3.5 ኪሎዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ክላምፕ ሜትሩን፣ ሽቦን በመንጋጋው አቅፎ ኮረንት የሚለካውን መሣሪያ፣ በሙሉው ገመድ ዙሪያ ስናጠልቀው ግን ዜሮ ያነባል፤ ጀማሪ ከሆነ መሣሪያው ተበላሽቷል ይላል። መሣሪያው ደህና ነው። በፌዙ፣ በሂያጁ ሽቦ፣ የሄደው በኒውትራሉ፣ በተመላሹ፣ ስለሚመለስ የሁለቱ መግነጢሳዊ መስክ ይጠፋፋል። ስለዚህ ብሬከሩ ሳጥን ውስጥ ፌዙን ብቻ ነጥሎ መንጋጋው ውስጥ ማስገባት ነው። ፌዙንና ኒውትራሉን አብሮ አጥልቆ፣ ኧርዙን (የመሬቱን ሽቦ) ውጭ ትቶ መለካት ደግሞ ራሱን የቻለ ምርመራ ነው፤ ዜሮ ካልመጣ የጎደለው ኮረንት በምጣዱ አካል በኩል ወደ መሬት እየፈሰሰ ነው። በ30 ሚሊአምፔር ልዩነት መስመሩን የሚቆርጠው ብሬከር ውስጥ ያለው ቀለበትም ሥራው ይኸው ነው። ለዚህ ግን ሚሊአምፔር የሚለይ ክላምፕ ያስፈልጋል።

የማይጠፋፋው መስክ ጉዳት የሚጎላው የብረት ቱቦ ላይ ነው። አንዱን ፌዝ ለብቻው በአንድ የብረት ቱቦ፣ ተመላሹን በሌላ ያሳለፈ ሰው ቱቦውን ራሱን ማሞቂያ አድርጎታል። ብረቱ ውስጥ የሚሽከረከር ኮረንት ይነሳል፣ ቱቦው ይግላል፣ 70 ዲግሪ የሚችለው የፒቪሲ ሽፋን መልፈስፈስ ይጀምራል። የአንድ መስመር ሽቦዎች ሁሉ በአንድ ቱቦ ይለፉ፤ በዚህ ድርድር የለም።

አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ማጉያው «እምምም» ሲል ሰው ሁሉ ጥፋቱን አምፕሊፋየሩ ላይ ያደርገዋል። 20 አምፔር የያዘ ነጠላ ሽቦ ከማይክ ገመድ ጋር በ5 ሴንቲሜትር ርቀት 10 ሜትር አብሮ ቢሄድ፣ የማይኩም ሁለት ሽቦዎች ሳይጠማዘዙ በ2 ሚሊሜትር ቢራራቁ፣ ግማሽ ሚሊቮልት ያህል ይገባባቸዋል። የንግግር ድምፅ ከማይክ የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሚሊቮልት መሆኑን ላወቀ ሰው ይህ ትንሽ አይደለም። በገመዱ ላይ ያለው የመዳብ ጥልፍ የ50 ኸርዝ መግነጢሳዊ መስክን አያስቆምም፤ የሚያድነው መጠማዘዙ ነው። አንዱ ዙር የያዘውን ቀጣዩ ዙር በተቃራኒው ይሰርዘዋል። መሻገር ግድ ከሆነ በቀጤ ማዕዘን ማሻገር። በአንዳንድ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ግድግዳ ላይ ሁለቱ ሽቦ ተጠማዝዞ ሲሄድ ሳይ ደስ የሚለኝም ለዚህ ነው።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር አለ፦ ከጠፋ በኋላ ደብዘዝ ብሎ የሚበራ ኤልኢዲ አምፖል። ይህ የመግነጢስ ሳይሆን የኤሌክትሪክ መስክ ሥራ ነው፤ ኮረንት ሳይሄድም ይመጣል። የውስጥ ተቃውሞው 10 ሜጋኦም በሆነ መልቲሜትር የተቆረጠው ሽቦ ላይ 60 ወይም 80 ቮልት ይነበባል። የድሮውን 60 ዋት አምፖል አገናኝተን ንባቡ ወደ ዜሮ ከወረደ ውሸተኛ ቮልቴጅ ነው። ነገር ግን ማብሪያ ማጥፊያው ፌዙን ትቶ ኒውትራሉን እየቆረጠ እንዳይሆን አስቀድሞ ይታይ፤ እንዲህ ያለው ስህተት ሰው ይገድላል።

የክፍተቱ ዋጋ ከሁሉ በላይ የሚታየው በመብረቅ ነው። ከቤቱ 100 ሜትር ርቆ የወረደ መብረቅ በ2 ማይክሮሰከንድ 30 ሺህ አምፔር ቢደርስ፣ ሽቦዎች በከበቡት 15 ካሬ ሜትር ዙር ላይ 450 ቮልት ያህል ያስነሳል። ያን ዙር የምንሠራው እኛው ነን፤ የዲሹ ገመድ በአንድ ወገን፣ የኃይል መስመሩ በ3 ሜትር ርቀት በሌላ ወገን ወርደው ሪሲቨሩ ላይ ይገናኛሉ። ያው 5 ሜትር ቁመት ሳይቀየር በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 2 ሴንቲሜትር ቢሆን ቁጥሩ ወደ 3 ቮልት ይወርዳል። የዲሹን ገመድ ለመቀየር ለሚያስብ ሰው ምክሬ በአጭሩ ገመዱን ከኃይል መስመሩ ጎን እንዲያወርደው ነው፤ እዚያ ላይ ዲጂታል ምልክቱ በ50 ኸርዝ አይረበሽም። ዝናቡ ማስገምገም ሳይጀምርም የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ መፍታት ነው። ሪሲቨሩን ከሶኬት ነቅሎ ቴሌቪዥኑን መተው አይበቃም፤ በኤችዲኤምአይ ገመዱ በኩል ዙሩ እንደተዘጋ ይቆያል።