ሚኒቫን ምን በደለን?

ዛሬ ጓደኛዬን መኪና ላስመርጥ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ መሸጫ አብሬው ሄጄ ነበር። ሦስተኛ ልጃቸው ሊወለድ ነው። አማቱም አራሷን ሊንከባከቡ ከአዲስ አበባ እየመጡ ነው። ሻጩ ቶዮታ ሲዬና የሚባለውን ሚኒቫን ሲያሳየው የጓደኛዬ ፊት ተለወጠ። «ይሄማ የታክሲ መኪና ነው፤ ሰው ምን ይለኛል?» አለኝ። ዓይኑ ትልቅ ኤስዩቪ ላይ ነው።

ይሄ «ሰው ምን ይለኛል» የሚሉት ነገር በጣም ያንገበግበኛል።

በሩን ከፍቼ አሳየሁት። ወደ ጎን ስለሚንሸራተት ጠባብ ፓርኪንግ ውስጥ እንኳን ልጅ አቅፈህ እንደ ልብህ ትገባለህ። የጎረቤት መኪና አይነካም። ወለሉ ዝቅ ያለ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው በአንድ እርምጃ ይገባሉ። ኤስዩቪው ላይ ግን ደግፎ የሚያወጣቸው ሰው ይፈልጋሉ። የኋላውን ወንበር ወለሉ ውስጥ ካጠፍከው ደግሞ ከአገር ቤት የመጣ ሻንጣ ሁሉ ይገባል። ነዳጅም ቢሆን፣ ሲዬና ከ2021 ሞዴል ጀምሮ ሃይብሪድ (በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሄድ) ብቻ ነው። በጋሎን 36 ማይል ገደማ ይሄዳል።

የአሜሪካው መኪና አምራች ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1983 መጨረሻ ሚኒቫን ሲያወጣ የአሜሪካ ቤተሰብ ተሻምቶበት ነበር። እዚያ ውስጥ ያደጉት ልጆች ግን ራሳቸው ሲወልዱ «የእናቶች መኪና» ብለው ሸሹት። የእናት መኪና መባል ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?

ጓደኛዬ ገና አልወሰነም። ቅዳሜ ከባለቤቱ ጋር ተመልሶ ይሞክረዋል። ሦስት የልጅ መቀመጫ ደርድራችሁ የምትነዱ ወላጆች፣ እባካችሁ ልምዳችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉለት።